የሩኪ ጓሮ

ፀሐይ ላይ የዋለ የባትሪ ድንጋይ ሽታ አለው። ደስ የሚል ሽታ ነው ብዬ ማንንም አላታልልም፤ ዝገትና የጎመዘዘ ነገር የተቀላቀለበት፣ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ የሚያልፍ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራም ሲለኝ፣ እጄ እኔን ሳያማክር ድንጋዮቹን አውጥቶ መስኮቱ ላይ አሰጣቸው፤ ልጄ ሒክማ አይታኝ «እማ፣ በርበሬ ነው እንዴ የምታሰጪው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከቀትር በኋላ ላነሣቸው ጎንበስ ስል ያ ሽታ መጣና፣ ከአዘዞው ቤቴ አንሥቶ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ እናቴ ደጃፍ ላይ፣ እግሬን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ፣ ከወንድሜ ከኑሩ ጋር በተራ እየተጣላሁ አስቀመጠኝ።

አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ በኮላ ድባ ገበያ ቀን ደግሞ ጣቃውን በማኪና ጭኖ ወደ ደምቢያ ይወርድ ነበር። እናቴን ዘሐራንም ያገኛት እዚያው ገበያ ላይ፣ ከታናሽ እህቷ ጋር ቃሪያና ጎመን ዘርግታ ስትሸጥ ነው። የማይበላውን ቃሪያ እየገዛ ስንት ሳምንት እንደተመላለሰ ሲጠየቅ አባቴ ይረሳል፣ እናቴ ግን አትረሳም ነበር። ታናሽ እህቷ አክስቴ ሩቂያ ናት። እናታቸው ቶሎ ስለሞተችባቸው እናቴ ናት አዝላ ያሳደገቻት፤ ስታገባም ይዛት ስለመጣች አባቴ «አንድ ሚስት ብጠይቅ ከነጓዟ ሰጡኝ» እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል ሩቂያ ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ ሄደች። ስለዚህ እኔም ሆንኩ ብዙም የማይበልጠኝ ታላቄ ኑሩ፣ አክስታችንን የምናውቃት በግድግዳው ላይ ፎቶና በእናቴ አፍ ብቻ ነበር፤ በእናቴ አፍ ደግሞ ሩቂያ ያልሆነችው አልነበረም፤ ቆንጆ፣ ሳቂታ፣ እጇ የነካው ሁሉ የሚበቅል።

ቦርሳው የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከጅዳ የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ሴት ጭቃውን እየዘለለች ገብታ፣ ከእናቴ ጋር ተቃቅፈው ከተላቀሱ በኋላ፣ ሩቂያ የላከችውን አንድ በአንድ እያወጣች ምንጣፉ ላይ ደረደረችው። ለእናቴ ሻሽ፣ ለአባቴ ሽቶ፣ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ሐላዋ፣ ከዚያ ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ ግራጫ ነገርና ከክብሪት ቀፎ ተለቅ የሚሉ ካሴቶች።

«የምታሳድጋት የቤቱ ልጅ አዲስ ተገዛላት፤ ሩቂያ ይሄን ለእህቴ ልጆች ብላ ነው የሰጠችኝ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዘሐራ፣ እሷ ግን ከዚያ ቤት ልትወጣ ነው። ሰዎቹ ከተማውን ሊለቁ ነው። ወዴት እንደምትገባ ገና አላወቀችም» ብላ ጨመረች።

እናቴ «አላህ ያውቃል» አለችና ሻሹን ፈትታ እንደገና አጣጠፈችው። ከዚያ ቀን በኋላ የሩቂያ ወሬ ጠፋ።

ግራጫው ነገር ጌም ነበር። ያኔ በሰፈራችን ጌም ሲባል የሚታወቀው ጡብ ብቻ የሚያወርደው ዓይነት ነው፤ የኛው ግን ከኋላው ካሴት የሚጎርስ፣ ካሴቱን በለወጡት ቁጥር ሌላ ጨዋታ የሚሆን ነበር። ኧረ ምን ዓይነት ኩራት ነበር! ስክሪኑ ግን የራሱ መብራት ስላልነበረው ፀሐይ ካላገኘ ምንም አይታይበትም። ስለዚህ ጠዋት ከበሩ ደፍ ላይ ጀምረን፣ ፀሐይዋ ወደ አጥሩ ስትሄድ እኛም እየተንፏቀቅን ተከትለናት እንሄድ ነበር፤ እናቴም «ምነው ልጆች፣ እንሽላሊት ነው እንዴ የወለድኩት?» ትለን ነበር።

ሐላዋው ሲያልቅ ቆርቆሮው የካሴቶቹ ቤት ሆነ፣ ኑሩም ማንም ሳይሾመው የቆርቆሮው ሹም ሆነ። ካሴቶቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አንችልም ነበር፤ ግማሹ እንግሊዝኛም ዐረብኛም ያልሆነ፣ ትንንሽ ቤት ቤት የመሰለ ጽሕፈት ነበር። ስለዚህ ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን። ከሰማይ እየወረደ የሚደረደረውን «ጡብ» አልነው፤ በመንጋ የሚመጡ መርከቦች ያሉበትን «አንበጣ»፤ ከገደል ገደል ሲዘልል ኖሮ መጨረሻው ገደል መግባት የሆነውን ሰውዬ «ምስኪኑ»፤ አንዱ ካሴት ደግሞ ምንም ብናደርገው ስለማይናገር «ዱዳው» ተባለ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በዚህ ስም ነበር የሚያውቋቸው፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ኑሩ፣ ምስኪኑ ዛሬ አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ኑሩ ቆርቆሮውን ከፍቶ ያለውን ነገር እንደገና አይቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው አስቦ «አለ፣ ግን ደክሞታል» ይል ነበር። ያስቀና ነበር እኮ!

ሕጉም ጥብቅ ነበር። እጅ ሳይታጠቡ ካሴት መንካት የለም። ካሴት ከመክተት በፊት ጥርሱ ላይ እፍ ይባላል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ቢስሚላህ ሳትሉ ነው እንዴ እፍ የምትሉት?» ስትል፣ «ቢስሚላህ፣ እፍ» ሕጉ ውስጥ ገባ። የጎረቤቶቻችን የክርስቲያኖቹ ልጆች ተራቸው ሲደርስ «በስመ አብ፣ እፍ» ይሉ ነበር፤ ካሴቱ ሁለቱንም ይቀበል ነበር።

ካሴቶቹን ሁሉ አየን ስንል አንድ ቀረን። እሱን «ጓሮ» አልነው። እዚያ የሚተኩስ የለም፣ ገደል የሚገባ የለም። አንዲት ትንሽ ሰው ቤት አላት፣ ከቤቷ ፊት መሬት አላት፤ ትቆፍራለች፣ ትዘራለች፣ ታጠጣለች፣ ሲመሽባት ገብታ ትተኛለች። ስትተኛ ካሴቱ የዋለችውን ሁሉ ይመዘግብና ነገ ይሆናል። ሦስት ሰው ስሙን አስገብቶ የየራሱን ጓሮ መያዝ ይችል ነበር፤ ሁለቱ መስመር ባዶ ሆኖ የመጀመሪያው ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ተጽፎ አገኘን። ኑሩ ፊደሉን መቁጠር ጀምሮ ስለነበር ጣቱን እያስከተለ «ሩ... ኪ» ብሎ አነበበ።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠችና «ምን አልክ?» አለችው።

«ሩኪ። ሩኪ ይላል፣ እማ።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጥታ ከመሃላችን ተቀመጠች። «ሩኪ የምላት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ሕፃን ሳለች በጀርባዬ ሆና ስታለቅስ ነው ያወጣሁላት። ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚላት ፍጡር የለም። እሷ ናት የነገረቻቸው።» ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ልጅ ነኝና የሽንኩርቱ መስሎኝ ነበር።

ኑሩ ሲከፍተው ትንሿ ሰው ማጠጫ ይዛ፣ በጠዋት፣ ከቤቷ ደጃፍ ቆማለች። ከፊቷ ገና የተዘራ፣ ውሃ ያላገኘ መሬት አለ። እናቴ ስክሪኑን ወደ ፀሐይ አዘንብላ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ድንገት ጮኸች። «እዩ! እዩልኝ! በየመደቡ መሃል መሄጃ ትታለች፤ ጥጓን ደግሞ አልዘራቻትም! አባታችን ነው እንዲህ ያስተማረን። ጥጓ የወፍ ናት፣ አትንኳት ይለን ነበር። ያቺ ልጅ እዚያ ሰው አገር ሄዳ፣ በዚህች በማትረባ ዕቃ ላይ እንኳ ለወፍ ተወች!» ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና «ታዲያ አሁን ማን ያጠጣላታል?» ብላ ጠየቀችን።

ኑሩ እንደ ሹምነቱ አስረዳት። ካልከፈትነው አይደርቅም፣ ብንከፍተውም ሩኪን ካላስተኛናት ነገ አይሆንም፤ ስናጠፋው ተመልሳ ማጠጫዋን ይዛ እዚያው ጠዋት ላይ ትቆማለች። እናቴ ይህን ነገር አንድ ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማችው፣ አሰበችበትም።

«እንግዲያስ አታስተኟት» አለች። «እሷ ያቆመችበትን ቀን ጠብቁላት። አማና ነው፣ ሰምታችኋል? እስክትመጣ ድረስ ማንም አይነካባትም።»

አማና ከተባለ አለቀ። እኛ ቤት አማና የተባለ ነገር፣ ጎረቤት ያስቀመጠው የጤፍ ቁና ቢሆን፣ ቤቱ ተርቦ እንኳ አይነካም። ኑሩና እኔ ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ላይ የየራሳችንን ጓሮ ጀመርን፤ የመጀመሪያዋን መስመር ግን ስናልፋት እንኳ ጣታችን ይጠነቀቅ ነበር።

በጋው ሸጋ ነበር። ከመስቀል በኋላ ያለው የጎንደር ፀሐይ ለጌም ነው የተፈጠረው እላለሁ። ድንጋዮቹ ሲደክሙ የትንሿ ሰው መልክ እየገረጣ ይሄድ ነበር፣ ያኔ አውጥተን አሮጌ ቆርቆሮ ላይ እናሰጣቸው ነበር፣ ኑሩም ነከስ ነከስ ያደርጋቸው ነበር (ይህን ሒክማ እንዳትሰማ)፣ እነሱም እውነት ለመናገር ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ነበር። እናቴ ዓርብ ዓርብ፣ አባቴ ለጁምዓ ሲሄድ፣ ሥራዋን ሁሉ ትታ መጥታ ትቀመጥና «እስቲ አሳዩኝ» ትለን ነበር። ከፍተን እናሳያታለን። «ቆማለች?» ትላለች። «ቆማለች፣ እማ።» «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትነሣለች። አንድ ዓርብ ልቧ አልችል ብሎ «ለዛሬ እንኳ ውሃ ስጧት» ስላለች ኑሩ መሬቱን በሙሉ አጠጣላት፤ እንዴት ደስ እንዳላት! በሳምንቱ ስንከፍተው መሬቱ እንደ ድሮው ደረቅ ነበር። «ያጠጣነውስ?» አለች። ኑሩ እንደገና ማስረዳት ሲጀምር፣ «ተወው፣ ገባኝ» አለችው፤ እንዳልገባት ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ጨለመ። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጁ ላይ ሲተኛ ስክሪኑ ላይ ጥላ እንኳ አይታይም፤ መስኮቱ ሥር ተደራርበን ጌሙን ወዲያ ወዲህ እያዘነበልን ሩኪን እንፈልጋት ነበር። እናቴ ደግሞ ያን ክረምት ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው አለ በተባለበት ቤት ሁሉ ጥላ ይዛ ትሄድ ነበር። አንዱ ሪያድ ናት አላት፣ ሌላዋ አግብታለች አለቻት፣ ብዙዎቹ አላየናትም አሏት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ትመለስና፣ ጫማዋን ሳታወልቅ «ቆማለች?» ትለን ነበር። እኛም ባይታየንም «ቆማለች» እንላት ነበር።

በሚቀጥለው ኅዳር አባቴ «ዱዳውን» ሬዲዮ ለሚሠራው ጎረቤታችን ለጋሽ አዳነ ሊያሳየው ወደ ቤት ጠራው። ጋሽ አዳነ ካሴቱን ፈልቅቆ ከፈተው፤ ለካስ ውስጡ የቀሚስ ቁልፍ የምታህል ድንጋይ አለች። «ይቺ ናት የምታስታውስለት» አለ። «ስም የሚመዘግቡት ሁሉ አላቸው። ይቺኛዋ ሞታለች። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ይሞታሉ።» ይህን ያለው ለአባቴ ነው፤ እናቴ ግን ከጓዳ በር ቆማ ትሰማ ነበር።

ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እንጃ፣ እኛ ትምህርት ቤት ሆነን፣ እናቴ የሐላዋውን ቆርቆሮ ከፈተች፣ «ጓሮን» ለይታ አወጣች፣ እጇን ታጥባ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ ድንጋዮቹን እንደምናሰጣቸው አድርጋ አሮጌው ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ መሃል አኖረችው። ድንጋይ አለው ተብሏላ! የደከመ ድንጋይ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኝ ነፍስ ይዘራል፤ ይህን ያስተማርናት እኛው ነን። እንዳትሞትባት ብላ ነው። ዕለቱን ሙሉ አዋለችውና ሲመሽ መልሳ ከተተችው፣ ለማንም አልተናገረችም፤ የካሴቱ ወረቀት ተልጦ ጫፉ ትንሽ ጎብጦ ስናየው እኔና ኑሩ አንዳችን በሌላችን ላይ አሳበብን።

ዓርብ ደረሰ። «ቢስሚላህ፣ እፍ።» ኑሩ ከፈተው። ሦስቱም መስመር ባዶ ነበር።

«ቆማለች?» አለች እናቴ።

ኑሩ አጥፍቶ ደግሞ እፍ አለበት፣ ደግሞ ከፈተው።

«ኑሩ፣ ቆማለች ወይ?»

«የለችም፣ እማ» አላት።

እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተተችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበርና እኔም ምኑም ሳይገባኝ ጮኼ አለቀስኩ። አንዲት ጎረቤት ለቅሶውን ሰምታ «ምነው፣ ማን ሞተ?» እያለች እየሮጠች ገባች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ቤቱ በሴት ተሞልቶ አገኘው። ነገሩን ሲነግሩት እጁን በራሱ ላይ አደረገ።

«ምነው ዘሐራ! መርዶ በካሴት መነገር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ፀሐይ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «በእጄ ነው። አማናዋን በእጄ ነው የበላሁት።»

አባቴ ማጽናናት የማይሆንለት ሰው ነው። ሴቶቹን «ካሴት ነው እናንተ ሆይ፣ ሰው አይደለም» ብሎ ሸኘና፣ ሱቁን መልሶ መክፈቱን ረስቶት፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም እስኪመሽ ድረስ እዚያው ነበሩ። ጋሽ አዳነ በማግስቱ አይቶት፣ ፀሐይዋ ትሁን የራሷ ቀን ደርሶ ይሁን ማንም አያውቅም፣ ድንጋይዋ ብትገኝና ብትለወጥም የጠፋው አይመለስም አለን። እናቴ ቆርቆሮውን ከድና ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ ከዐረብ አገር ሰው ተመለሰ ሲባል እናቴ ጥላዋን አላነሣችም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነበር። ልቅሶዋ አልነበረም ያስፈራኝ፤ መጠየቅ መተዋ ነው። ቢነግሩኝስ ብላ እንደፈራች አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ሩቂያን የረሳቻት መስሎኝ ተቀይሜያት ነበር። ጥምቀት አለፈ፣ የዚያ ዓመት ዒድም አለፈ፣ ክረምቱም ገብቶ ወጣ፤ ዓርብ ዓርብ እናቴ እኛን ከማየት ይልቅ ልብስ ታጥብ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ ሜዳው ሁሉ አደይ በለበሰበት አንድ ከሰዓት፣ ጋሪ ደጃችን ቆመ። ከጋሪው ጥቁር ልብስ የለበሰች፣ ከሲታ ሴት ወረደች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዐይኗ ከእኔ ፊት ላይ ተነሥቶ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱም ወደ እኔ ተመለሰ።

«የዘሐራ ቤት ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። ማን ልበላት?»

«ሩኪ በያት።»

ወደ ጓሮ ስሮጥ ወድቄ ተነሣሁ። እናቴ ከጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ልነግራት ያሰብኩት ብዙ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

«እማ» አልኳት፣ «ቆማለች።»

የዚያን ቀን የሆነውን ለመጻፍ ብዕሬ አይችልም። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን በሰው ሲሞላና ሲጎድል ሰነበተ። ሩቂያ ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ወረቀት የለሽም እየተባለች ከቤት ቤት እየተደበቀች እንደሠራች፣ መልእክት የሚያደርስላት ሰው እንዳጣች፣ በመጨረሻም ይዘው እንደመለሷት በየመሃሉ ነገረችን፤ ቀሪውን ለእናቴ ብቻ እንደነገረቻት አውቃለሁ። እናቴ ግን ከደስታዋ ሥር አንድ ነገር ቀብራ ነበርና፣ ዓርብ ዕለት ሰው ሲቀልል የሐላዋውን ቆርቆሮ አውርዳ እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችላት።

«አማናሽን አጠፋሁብሽ» አለቻት። «ጓሮሽን። ማጠጫሽን ይዘሽ የቆምሽበትን። እስክትመጪ ድረስ ቀኑን ጠብቄልሽ ነበር፣ ማንም እንዳይነካብሽ፣ ልጆቹን እንኳ ከልክያቸው። መጨረሻ ላይ በእጄ አጠፋሁት።»

ሩቂያ ካሴቱን አገላብጣ አየችው፣ የጎበጠውን ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። «እኔ የማሳድጋት ልጅ ናት ስሜን የጻፈችልኝ» አለች። «በቀትር ሰዎቹ ሲተኙ ሁለታችን መስኮት ሥር ቁጭ እንል ነበር። ቤታችሁ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ አለችኝ፣ ነገርኳት። ዘሐራ፣ በዚያ አገር በስሜ የነበረው መሬት እሱ ብቻ ነው እኮ። የዚያን ቀን ዘርቼ፣ ነጋልኝና ላጠጣ ማጠጫውን አንሥቼ ሳለሁ ተጠራሁ፤ በዚያው ቀረ። ልጅቷ ስትሰጠኝ ለአንቺ የላክሁት ለምን መሰለሽ?»

እናቴ ወደ እሷ ተጠጋች።

«ታበቅይልኛለሽ ብዬ ነው!» አለች ሩቂያ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ዘሐራ ታጠጣልኛለች፣ ፍሬውን ታይልኛለች ብዬ ነው እንጂ፣ ትጠብቂልኛለሽ ብዬ መች ላክሁት!»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ሁሉ ዓርብ፣ ያን ሁሉ ክረምት፣ እናቴም ትንሿ ሩኪም አንድ ጠዋት ላይ ተተክለው ነበር። ከዚያ እህትማማቾቹ ተያይተው መሳቅ ጀመሩ፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ እየጀመረች፤ አባቴ ከሱቅ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ ጨርሶ ባሰባቸው።

ያንኑ ከሰዓት ሩቂያ ደጁ ላይ ተቀምጣ ስሟን አዲስ አስገባች፣ እናቴም ከጎኗ ሆና «እዚህ ጋ ቆፍሪ፣ ጥጓን ተያት» እያለች ታዝዛት ነበር። ዘሩ፣ አጠጡ፣ ትንሿን ሰው አስተኟት። ድንጋይዋ ሞታለችና ጌሙ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ጠፋ። በሳምንቱ እንደገና ከመጀመሪያው ቀን ጀመሩ፣ በሚቀጥለውም። ጋሽ አዳነ አንድ ጊዜ «ድንጋይዋን ከአዲስ አበባ ላስመጣላችሁ?» ሲል ሩቂያ «ምን ሊያደርግልን? እኔ እንደሆነ መጥቻለሁ» አለችው። ከቤታችን ጀርባ ያለችውንም ጠባብ መሬት ቆፍራ ቃሪያና ጎመን ዘራችባት፤ ጥጓን ለወፍ ተወቻት።

አሁን ኑሩ መተማ ይነግዳል። አባቴም፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ እናቴ፣ ወደ አኼራ ሄደዋል። የአዲስ ዓለሙ ቤት የአክስቴ ነው። ለሒክማ ስልኬ ውስጥ ቁጥር የሌለው ጨዋታ አለላት፤ አንዱ ጓሮ ነው፣ በቀለም የተሞላ፣ ላሞቹ የሚጮሁ። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ በሰነበተ ጊዜ መግባት አልቻለችም ነበር፤ ሲለቀቅ ብትከፍተው ሰብሉ በሙሉ ጠውልጓል። ስላልመጣሽ ደረቀ ይላታል። ልጄ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኛ በልጅነታችን የነበረን ጓሮ እስክንመጣ ይጠብቀን ነበር፣ የእሷ አይጠብቅም፤ የትኛው እንደሚሻል ልነግራት ፈልጌ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

ድንጋዮቹን ከመስኮቱ ባነሣሁ ማግስት እነሱኑ ይዤ፣ ልጄን ይዤ፣ አክስቴ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ከጓሮ ጎንበስ ብላ ቃሪያዋን እየኮተኮተች ነበር። የሐላዋውን ቆርቆሮ አውርጄ፣ ድንጋዮቹን ከትቼ፣ ሒክማን ደፉ ላይ አስቀመጥኳት።

«ኢንተርኔት ይፈልጋል?» አለችኝ።

«አይፈልግም። ፀሐይ ነው የሚፈልገው።»

ቢስሚላህ፣ እፍ። ተነሣ! ገርጥቷል፣ ግን ተነሣ። ባዶውን መስመር ስታይ «ስም አስገቢ ይላል፣ ማን ልበል?» አለችኝ። ነገርኳት። ፊደሉን እየፈለገች አስገባችና፣ ልጅ አይደለች፣ በዚያ በሚጮህ ድምጿ «ሩኪ!» ብላ አነበበችው።

አክስቴ መኮትኮቻዋን ይዛ ቀና አለች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በዚያ ስም የጠራት ሰው አልነበረም።

«አቤት» አለች።

በማግስቱ ስንከፍተው ስሙ ጠፍቶ ነበር። ሒክማ እንደገና ጻፈችው።